የመሬትና የብሔር ጥያቄ፦ የ1960ዎቹ ክርክር እስከ ዛሬ ለምን አልተዘጋም?

አዳማ ላይ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ የቡና ላይ ወሬ ከመንገድ ስፋት ይነሳና ፖለቲካ ላይ ያርፋል። ማን ተነሳ? ማን ካሳ አገኘ? የቀበሌ ቤት ተከራይ ምን መብት አለው? መሬቱስ የማን ነው? ሲባል ይቆይና ነገሩ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። አንዱ «አገሪቱን ያበላሻት የስድሳዎቹ ትውልድ ነው» ይላል። ሌላው «እነሱ ባይነሱ እስከ ዛሬ ጭሰኛ ሆነን እንቀር ነበር» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይበላሻል።

ሁለቱም ከልባቸው ነው። ግን አንደኛው የሚያስታውሰው ግድያውን ነው፣ ሌላኛው የመሬት አዋጁን። ያ ዘመን ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ «ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርሰንም። የሚጠቅመን፣ ያኔ የተነሳው ክርክር ለምን እስከ ዛሬ እንዳልተዘጋ መጠየቅ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። አብዮቱ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች ነበሩት፣ የመሬትና የብሔረሰብ። የመሬቱን በግማሽ መለሰው፣ የብሔረሰቡን ወደ ጫካ ገፋው። በ1987 ሕገ መንግሥት ሁለቱ ተገናኙና አንድ ላይ ተቋጠሩ። ዛሬ የሚከፋፍለን በአብዛኛው ያ ቋጠሮ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄዎቹ ከየት መጡ?

በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። መፈክሩን ከማርክሲዝም መጻሕፍት የቀዱት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። የገበሬውን ኑሮ ላየ ግን መጽሐፍ አያስፈልገውም ነበር። በደቡብና በመሃል አገር ብዙው ገበሬ የሚያርሰው የሰው መሬት ነው። የሲሶ አራሽ ከሆነ ከምርቱ ሲሶውን፣ የእኩል አራሽ ከሆነ ግማሹን ለባለመሬቱ ያስረክባል። በላዩ ላይ አሥራት አለ፣ ለባለመሬቱ በነፃ የሚሠራው ሥራም አለ። ባለመሬቱ ካልፈለገው ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ይህ ነገር ከአዳማ ሩቅ አልነበረም። ወደ አሰላ በሚወስደው መስመር፣ ጭላሎ ውስጥ፣ በስዊድን እርዳታ በ1960 አንድ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፣ ሰዉ በአጭሩ ካዱ የሚለው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ። ምርት ጨመረ። ምርት ሲጨምር መሬቱ ዋጋ አወጣ፣ መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ ባለመሬቱ ትራክተር አምጥቶ በራሱ ማረስ ጀመረ፣ ከአባቱ ጀምሮ እዚያው ሲያርስ የኖረው ጭሰኛም ተፈናቀለ። ልማቱ የታሰበው ለድሃው ገበሬ ነበር። የባለቤትነት ጥያቄ ሳይመለስ ስለመጣ ግን ድሃውን ገበሬ አስነሳው።

ወንጂም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እዚያ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። ከአዋሽ ዳር የከብት ግጦሽ የነበረው ሜዳ አገዳ ሆነ። የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ ተገፋ። አገዳ ቆራጩ ደግሞ ከከምባታ፣ ከሃዲያና ከወላይታ መጣ። በአንድ ሜዳ ላይ የመሬት፣ የሠራተኛና የማንነት ጥያቄ አብረው ተከማቹ። ቆይቶ መተሐራ ላይም ከረዩዎችን ተመሳሳይ ነገር ገጠማቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ በይፋ የፈነዳው በኅዳር 1962 ነው። ዋለልኝ መኮንን የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በተማሪዎች መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ኢትዮጵያ የብዙ ብሔረሰቦች አገር ሆና ሳለ የአንዱ ቋንቋና ባህል የሁሉም ተደርጎ ተወስዷል፣ ሁሉም እኩል የሚሆኑበት መንግሥት ያስፈልጋል የሚል ነበር። ዋለልኝ ራሱ የወሎ ልጅ ነው። በቀጣዩ ወር የተማሪዎች ማኅበር መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፣ ሐዘኑም ቁጣ ሆነ።

ዛሬ «የብሔር ፖለቲካን የፈጠረው ዋለልኝ ነው» የሚል ክርክር በብዛት ይሰማል። ይህ ልክ አይመስለኝም። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት በጄኔራል ታደሰ ብሩ ስም የሚታወሰው የኦሮሞዎች የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተመሥርቶ፣ አድጎ፣ ታግዷል። የባሌ ገበሬዎችም ለዓመታት አምፀዋል። ዋለልኝ ያደረገው በየቦታው ይብላላ የነበረውን ጥያቄ መሃል ከተማ አምጥቶ በግራ ዘመም ቋንቋ መጻፍ ነው። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። ጥያቄው «የብሔሮች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት» የሚለውን ቀመር ይዞ ቀረ፤ ማለትም አንድ ብሔር ራሱን ማስተዳደርም፣ ከፈለገ መገንጠልም ይችላል የሚለውን ከሌኒንና ከስታሊን የተወሰደ ሐሳብ። ጥያቄው የአገር ቤት ነበር፣ መልሱ የተቀዳው ግን ከውጭ ነው።

የካቲት 1967፦ ሁለት ሳምንት

የ1966ቱ አብዮት እንዴት እንደፈነዳ የታወቀ ነው። የወሎ ረሃብ፣ የነዳጅ ዋጋ መናር፣ የነገሌ ቦረና ወታደሮች አመፅ፣ የታክሲ ነጂዎችና የመምህራን አድማ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ኅዳር ላይ 60 ያህል ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በታኅሣሥ 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚያቆመኝ የካቲት ነው። የካቲት 11 ጥቂት የትግራይ ወጣቶች፣ በኋላ ሕወሓት የተባሉት፣ ደደቢት ላይ የትጥቅ ትግል ጀመሩ። የካቲት 25 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ አወጀ። በመካከላቸው ያለው 14 ቀን ነው። ለዓመታት በአንድ ሰልፍ ላይ አብረው የተነሱት ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ወር ውስጥ መንገዳቸው ተለያየ፤ አንዱ በመንግሥት አዋጅ፣ ሌላው በጠመንጃ።

አዋጁ ራሱ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ጭሰኝነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ በላይ እንዳይይዝ ተወሰነ። ገበሬው በ20 ጋሻ አንድ ማኅበር እንዲያቋቁም ተደረገ። በቁጥር ብዙ ሰው ነፃ ያወጣ ሌላ አዋጅ በታሪካችን ማግኘት ይከብዳል፣ ይህን ሳይሸራርፉ መመስከር ያስፈልጋል።

ግን መልሱ ግማሽ ነው። ገበሬው ማረስ ቻለ እንጂ ባለቤት አልሆነም። መሸጥ አይችልም፣ ማስያዝ አይችልም፣ ማከራየት አይችልም። ባለመሬቱ በሄደበት ቦታ መንግሥት ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው መንግሥት እህሉን በኮታ በቁርጥ ዋጋ ገዛው፣ ጎጆውን አፍርሶ ወደ መንደር ምሥረታ ወሰደው፣ ልጁን ለብሔራዊ ውትድርና መለመለው። መሬቱን የሰጠህ አካል ሊወስድብህ ከቻለ የፖለቲካ ትልቁ ጥያቄ «መንግሥት የማን ነው?» የሚለው ይሆናል። በኋላ የመጣው ፉክክር ሁሉ እዚህ ጋ ሥር ሰደደ።

አንድ አዋጅ፣ የማይገናኝ ትዝታ

አዋጁ አንድ ቢሆንም የደረሰበት ቤት ሁሉ አንድ አልነበረም። አርሲ፣ ባሌ፣ ሲዳሞ ወይም የደቡብ ሸዋ ገበሬ ዘንድ የካቲት 25 የነፃነት ቀን ነው። ጎጃምና ትግራይ ግን ብዙው ገበሬ ባለ ርስት ነበር። ርስት ማለት ከአያት ቅድመ አያት በዘር ሐረግ የሚወረስ የመሬት መብት ነው። ለባለ ርስቱ አዋጁ የመጣው እንደ ነፃ አውጪ ሳይሆን «ከአባቴ የወረስኩትን መንግሥት የእኔ ነው አለ» በሚል ስሜት ነው። የመሬት ሥሪቱ ከብሔር አሰፋፈር ጋር በከፊል ስለሚገጥም የመሬቱ ትዝታ ቀስ በቀስ የብሔር ትዝታ መሰለ። በደቡብ ብዙው ባለመሬት ከሌላ አካባቢ የመጣና ሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ ጭሰኛው የአካባቢው ሰው መሆኑ ነገሩን አባባሰው። በዚያም ላይ በሰሜን ያለው አማርኛ ተናጋሪ ድሃ ገበሬ ከዚህ ሥርዓት ምንም ያልተጠቀመ መሆኑ ከወሬው ውስጥ ጠፋ። ይህ መጥፋቱ እስከ ዛሬ ያናድዳል፣ ያጋድላልም።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ቀረለት፣ የሚያከራየው ሁሉ ተወረሰ። ኪራዩ 100 ብርና ከዚያ በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄደ። ቀበሌ ራሱ የተወለደው በዚህ አዋጅ ነው።

አዳማ ያኔ ናዝሬት ተብላ የየረርና ከረዩ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የባቡርና የከባድ መኪና ከተማ በመሆኗ የኪራይ ቤት ሞልቷታል። ዛሬም በአሮጌው የከተማ ክፍል የዚያን ጊዜ ረድፍ ቤት ይታያል። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አንዱ ግድግዳ ለሁለት አባወራ የሚያገለግል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ የኪራይ ውሉ ብዙ ጊዜ በእናት ወይም በሞቱ አያት ስም የተጻፈ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ተከራዩ ከኪሱ አውጥቶ ቆርቆሮ ይቀይራል። ኪራዩ ከገበያው ጋር አይገናኝም፣ ለዚህ ነው ድሃው ከተማ መሃል መኖር የቻለው። ቤቱ ግን የእሱ አይደለም። ሲፈርስ የግል ባለይዞታ ካሳና ምትክ ቦታ ይጠይቃል፣ እሱ የሚጠይቀው ሌላ የኪራይ ቤት ነው። በዚያው ሰፈር ደግሞ ግቢው የተወረሰበት ቤተሰብ ይኖራል። አንድ እድር ውስጥ ሆነው፣ በሠርግና በለቅሶ ሳይለያዩ፣ ስለ 1967 ሲነሳ ግን አንድ ቃል መስማማት የማይችሉ ጎረቤቶች ያሉት ለዚህ ነው።

የተስማሙ ሰዎች ለምን ተጋደሉ?

ለእኔ የዘመኑ ከባድ ምዕራፍ ይህ ነው። ከተማሪው እንቅስቃሴ የወጡት ሁለት ድርጅቶች፣ መኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) በ1960 ሃምቡርግ፣ ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) በ1964 በርሊን ተመሠረቱ። ሁለቱም ማርክሲስት ናቸው። ሁለቱም መሬት ላራሹ ይላሉ። ሁለቱም የብሔሮችን መብት በፕሮግራማቸው ጽፈዋል። አባሎቻቸው የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች፣ አንዳንዴም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው ደርግን በተመለከተ ነበር። ኢሕአፓ ወታደሩ ሥልጣኑን አሁኑኑ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ያስረክብ አለ። መኢሶን ደግሞ ሂሳዊ ድጋፍ አለ፤ እየተቹ መደገፍ፣ በመካከሉም ሕዝቡን ማደራጀት ማለት ነው።

ይህን የሚያህል የስልት ልዩነት ሰላም ባለበት አገር በጉባኤ ወይም በምርጫ ያልቃል። በ1968 እና በ1969 ግን ምርጫ የለም፣ ፓርላማ የለም፣ ነፃ ፍርድ ቤት የለም። ያለው ህቡዕ ህዋስና ጠመንጃ ነው። ፕሮግራማቸው በተቀራረበ መጠን ክርክሩ ከሐሳብ ወደ ታማኝነት ዞረ። አንተ «ባንዳ» ነህ፣ አንተ «አናርኪስት» ነህ ተባባሉ። ኢሕአፓ የመኢሶን ሰዎችን መግደል ጀመረ፣ ደርግም በከተማ የሚንቀሳቀስ ወጣትን ሁሉ ጠላት አደረገ። ጥር 26 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተቀናቃኞቻቸውን አስገድለው ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ። ቤት እንዲሰጥና ሠፈር እንዲያስተዳድር የተቋቋመው ቀበሌ ታጠቀ፣ አሰሰ፣ አሰረ፣ ገደለ። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ነሐሴ 1969 ላይ ተራው የመኢሶን ሆነና እሱም ህቡዕ ገባ፣ መሪው ኃይሌ ፊዳም ተይዘው ተገደሉ።

ውጤቱ ከሟቾቹ ቁጥር ያልፋል። ከየብሔሩ የተውጣጣ፣ የመሬትንም የብሔረሰብንም ጥያቄ በአገር ደረጃ ይዞ የሚከራከር ኃይል ከከተማ ጠፋ። የቀረው የኢሕአፓ ጦርም በ1970 ትግራይ ውስጥ አሲምባ ተራራ ላይ በሕወሓት ተመትቶ ወጣ። በሕይወት የቀሩት አንድ አካባቢና አንድ ቋንቋ ላይ የቆሙት ድርጅቶች ናቸው፤ ገበሬው አብልቶ፣ ሸሽጎ፣ ልጁን ሰጥቶ ያቆያቸው። እዚህ ላይ ማንም ተንኮል አላሰበም ለማለት አይደለም። ዋናው ግን የሐሳብ ብልጫ ሳይሆን የመትረፍ ጉዳይ ነው። በብሔር የተደራጀው ተረፈ፣ በአገር የተደራጀው አለቀ። በ1983 አዲስ አበባ የገባውና የሽግግሩን ሰነድ የጻፈው የተረፈው ነው።

ቋጠሮው

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 የብሔሮችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል ሰጠ። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። እስከዚህ ድረስ ከደርግ አዋጅ ጋር ይመሳሰላል። አዲሱ ነገር ባለቤቱ ነው። በ1967 መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ንብረት ነበር። በ1987 የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ሆነ። የማስተዳደሩ ሥራ ደግሞ በአንቀጽ 52 ለክልሎች ተሰጠ፣ ክልሎቹም በአብዛኛው በቋንቋና በማንነት የተሠመሩ ናቸው። ፌዴራሊዝም፣ ማለትም ሥልጣንን በማዕከልና በክልል መካከል በሕግ ማካፈል፣ በራሱ የዚህ ችግር ምንጭ አይደለም። ግለሰብ የመሬት ባለቤት በማይሆንበት አገር ክልል ማለት ትልቁ የመሬት አስተዳዳሪ ማለት ነው። ያኔ የወሰን ጥያቄ ሁሉ የህልውና ጥያቄ ይሆናል።

አዳማ ይህን በራሷ ላይ አይታለች። በ1992 የኦሮሚያ ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ። ለከተማዋ ቢሮ፣ ሥራና ገበያ ማለት ነበር። ለብዙ ኦሮሞዎች ግን ከፊንፊኔ መገፋት ነበር፣ ተቃውሞና እስር ተከተለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ውሳኔው ተቀለበሰ። በ2006 ደግሞ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያጣምረው ማስተር ፕላን ወጣ፤ ገበሬው በትንሽ ካሳ የለቀቀው መሬት በሊዝ ሲሸጥ አይቶ ነበርና ፈራ። ሊዝ ማለት መንግሥት የመሬቱን የመጠቀም መብት ለተወሰነ ዘመን በገንዘብ የሚያስተላልፍበት ሥርዓት ነው። ፍርሃቱ የእርሻ ማሳ ፍርሃት ነው፣ የተነገረበት ቋንቋ ግን የብሔር ቋንቋ ነበር። ሌላ ቋንቋም አልነበረውም። ተቃውሞው በ2008 አገር ምድሩን አዳርሶ ዕቅዱ ተሰረዘ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የመንግሥት አመራሩ ራሱ ተለወጠ። በኅዳር 2012 ሲዳማ ክልል ለመሆን ሕዝበ ውሳኔ ሲሰጥም ከከባዶቹ ጥያቄዎች አንዱ ሐዋሳ የማን ትሆናለች የሚለው ነበር።

ሰዎች እንዴት ያዩታል?

የፖለቲካ ምሁሩ መረራ ጉዲና የኢትዮጵያን ልሂቃን ክርክር በሦስት ይከፍሉታል፦ በምኒልክ ዘመን የደቡቡ ወደ ግዛቱ መግባት አገር ግንባታ ነበር የሚል፣ የብሔር ጭቆና ነበር የሚል፣ ቅኝ ግዛት ነበር የሚል። ክፍፍሉ ዛሬም ይሠራል። የመጀመሪያው ወገን የስድሳዎቹን ትውልድ በተዋሰ ሐሳብ አገር ነካክቷል ብሎ ይከስሳል፣ የተፈናቀለውንም ሰው ይጠቅሳል፣ እውነቱን ነው። ሁለተኛው የጭሰኛውን ዘመን ያስታውሳል፣ እሱም እውነቱን ነው። ሦስተኛው ይበልጥ ይሄዳል፣ ጭሰኝነቱ ቀርቶም ጥያቄው አልተመለሰም ይላል። ሦስቱም የሚጎድላቸው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። ስለ ምኒልክ ዘመን ሲከራከሩ ከ1967 በኋላ መሬቱን የያዘው መንግሥት ያደረገውን ይዘሉታል። የተጎዳ ሁሉ የሚወቅሰው ጎረቤቱን ነው፤ ውሉን የጻፈውና የሚቀይረው አካል ሳይጠየቅ ያልፋል።

ከዚህ በኋላ

በ2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ሲሰበስብ ቆይቷል። በጎን ደግሞ የመሬት ሕጉ እየተነካ ነው። አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። በሰኔ 2017 የወጣ አዋጅ የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው ፈቅዷል። እነዚህ ነገሮች የመሬትን ዋጋ ወደ ላይ ይገፋሉ። ጭላሎ ላይ እንደታየው ዋጋ ሲወጣ ቀድሞ የሚነሳው መብቱ ደካማ የሆነው ነው፤ ያኔ ጭሰኛው፣ አሁን የከተማ ዳር ገበሬውና የቀበሌ ቤት ተከራዩ። የሚነሱት ሰዎች ወይ ኦሮሞ፣ ወይ አማራ፣ ወይ ጉራጌ፣ ወይ ወላይታ መሆናቸው አይቀርም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ማፈናቀል እንደ ብሔር ጥቃት ሊነበብ ይችላል። አንዳንዱ በእርግጥም እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

የምክክሩ የመሬት ጉዳይ በወሰንና በክልል አጀንዳ ውስጥ ተጠቅልሎ ከቀረበ ክርክሩ ባለበት ይረግጣል፣ ተወካዮቹም በብሔር ተሰልፈው ይገባሉ፣ በብሔር ተሰልፈው ይወጣሉ። ለብቻው ከቀረበ ግን ሌላ ሰልፍ ይቻላል። የካሳ ስሌቱ፣ የመጠቀም መብቱ ጥንካሬ፣ ማስነሳት የሚችለው ማን እንደሆነና ተነሺው የት ይግባኝ እንደሚል ሲነሳ፣ የአዳማ ጎረቤት የሉሜ ወረዳ ገበሬና የአዳማ የቀበሌ ቤት ተከራይ የሚጠይቁት በጣም የተቀራረበ ነገር ነው።